ተራዬን አትውሰዱብኝ

ኅዳር 6

ለእማማ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሳያዩኝ «ልጄ» ብለው ስለጻፉልኝ እኔም ደፍሬ እማማ ብያለሁ። መልሱ የዘገየው ንቄ አይደለም። እጀምርና እቀደዋለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ፤ ለማያውቁት ሰው እናት መጻፍ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሆድዎን ላሳርፈው፤ ወንድ የለም። ልጅዎ ሚጣ ለእረፍት ወደ ቤት ያልመጣችው ማንም ይዟት አይደለም። እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ጋር ነበረች። ትምህርት ተከምሮባት ነው።

የእጇ ነገር፣ የጎረቤትዎ ልጅ የነገረችዎት እውነት ነው፤ አጋነነችው እንጂ። ላቦራቶሪ ውስጥ አሲድ ፈሶባት ግራ እጇ ላይ ተቃጥላለች። ታክማ ቁስሉ ደርቋል። ጠባሳው ግን ይቆያል ተብሏል። ኬሚስትሪ የሚያጠና ሰው ያለ ጠባሳ አይመረቅም እያልን እንቀልድባታለን።

ማን ያበስልላችኋል፣ ማንስ ይጠብቃችኋል ላሉኝ ደግሞ፣ ማንም። ቤታችን ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ተማሪዎች ማኅበር መሥርተን በጋራ ተከራይተነዋል። ኪራዩ የሚቀለን ሰው ስለማንቀጥር ነው፤ አብሳዩም፣ ጠራጊውም፣ ዘበኛውም እኛው ነን። ወጥ ቤቱ በር ላይ የተራ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ አንደኛ ዓመቱም ተመራቂውም እኩል ድምፅ አለው። ተራውን ደጋግሞ የዘለለ ሰው ስብሰባው ፊት ይቆማል። ዳኛው የምንለው የሕግ ተማሪ አለ፤ እሱ ያለበት ፎቅ ላይ ማንኪያ ሳያጥቡ ማደር አይቻልም። ሁላችንም የቅጽል ስም አለን። ልጅዎ ቀማሚዋ ትባላለች፤ እኔን በቁመቴም በምህንድስናዬም አሳብበው ምሰሶ ይሉኛል።

ደህና ናት። አያስቡ።

ምሰሶ


ኅዳር 21

ምሰሶዬ፣

ስምሽን ወደድሁት። ያለ ምሰሶ የቆመ ቤት የለም።

ወንድ የለም ብለሽ ሆዴን ልታሳርፊ ፈለግሽ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ ግን አላረፈም። ወንድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንድ ያልፋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሚጣ ከጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ቀሚስ ሰፍቼ ልኬላት ነበር። «ጥቁሩ ቀሚስ ልክክ አለልኝ» ብላ አመሰገነችኝ። ይህች ልጅ እኮ እግሬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ያደገች ናት። ገና ፊደል ሳትቆጥር «እማዬ፣ ይሄ ክር ከዚህኛው ይደምቃል» ብላ ደንበኛ ፊት ታርመኝ ነበር። አረንጓዴ ጥቁር የሚሆንባት መቼ ነው? ጽሕፈቷም ቢሆን መስመሩን ለቅቆ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ፊደል ፊደሉን ይረግጠዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን እስኪያድር የምጠብቅበት አንጀት የለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስትመልሽልኝ አታለሳልሽው። ሲመሽ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች?

ለምን እንደጠየቅሁሽ መልስሽ ሲደርሰኝ እነግርሻለሁ።

የሚጣ እናት


ታኅሣሥ 4

እማማ፣

አዎ። ትይዛለች።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ቆየሁ። ለማንም እንዳልናገር ምዬላት ነበር። እርስዎ ግን ጥያቄውን እንዲያ አድርገው ሲያመጡት፣ መልሱን ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት መሰለኝ።

የጀመረው አምና ነው። ከመሸ ከግቢ ብቻዋን መምጣት ተወች። መብራት ሲጠፋ ባለችበት ቁጭ ትላለች፤ ፈርታ መስሎን እንስቅባት ነበር። ቀጥሎ በጎኗ ያለ ብርጭቆ እየነካች መጣል፣ ኮሪደር ላይ ሰው መግጨት መጣ። ከጎን ሰላም ሲሏት ስለማትመልስ «ኮራሽብን እኮ» ይሏታል። እሷም አንዴ «አዎ፣ ኮርቻለሁ» ብላ አለፈች። ኩራት እንዲመስላቸው መረጠች። አሲዱንም ቢሆን ከብርጭቆው አፍ ውጭ ነው የቀዳችው።

ዓይን ሆስፒታል አብሬያት ሄጃለሁ። ሐኪሟ ዕይታዋ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው አለች። አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። መድኃኒት የለውም፤ ቀዳዳው መቼ እንደሚዘጋም ማንም አያውቅም። «ከቤተሰብሽ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» ስትላት ሚጣ «የለም» አለች። እንደዚያ ነው?

ስንወጣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። አውቶቡስ ስንጠብቅ ብቻ «ለእማዬ ከነገርሻት ትወስደኛለች» አለችኝ። ያስማለችኝ ያኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፣ ይህን እሷም አታውቀውም። የወጥ ቤት ተራዋ ሲደርስ አትክልቱን ከትፋ ስትሄድ እኔ ተመልሼ ሳታየው የቀረውን ቆሻሻ እለቅማለሁ። ያጠበችውን ድስት ደግሜ አጥበዋለሁ። ጠርጋ የወጣችበትን ወለል ከኋላዋ እጠርገዋለሁ። ማንም አላየም። እንዲህ እያደረግሁ እስክትመረቅ አደርሳታለሁ።

መሐላዬን ስላፈረስኩ ታዝበውኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ታዝቤያለሁ።

ምሰሶ


ታኅሣሥ 16

ምሰሶዬ፣

ያፈረስሽውን መሐላ እኔ እሸከምልሻለሁ፤ አንቺ ተይው።

ሚጣ የለም ማለቷ ውሸት አይደለም። አልነገርናትም። ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ እሷ ሳትወለድ ነው ያረፈው። ልክ በእሷ ዕድሜ ነው የጨለመበት። እሱም መጀመሪያ ግድግዳ መያዝ ነበር።

ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ አባቴ ባለ መደገፊያ ወንበር አሠራለት። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታበት ቦታ አስቀመጠለት። ምግቡ እዚያው ይቀርብለታል፣ ልብሱን እናቴ ታለብሰዋለች፣ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርሁ። አንድም ቀን አልተራበም፣ አንድም ቀን ያደፈ ልብስ አልለበሰም። መንገደኛው ሁሉ «እንዲህ ነው ልጅ መያዝ» እያለ አባቴን ይመርቀው ነበር። እስኪሞት ድረስ ምንም ሳይጎድልበት ኖረ።

እኔም ለልጄ እንዲሁ አደርጋለሁ። የስፌት መኪናዬን ወደ ደጅኛው ክፍል አውጥቼ ውስጠኛውን አዘጋጅቼላታለሁ፤ ደረጃ የለውም፣ ወለሉም ለስላሳ ነው። የያዝሁትን ሥራ ለባለቤቶቹ አስረክቤ በጥር መጨረሻ መጥቼ እወስዳታለሁ። ዓይኗ እኔ እሆናታለሁ።

እስክመጣ ድረስ ምንም እንዳትነግሪያት። ዝም ብለሽ የጀመርሽውን ቀጥይ።

እናትሽ


ጥር 9

እማማ፣

ዝም በይ ያሉኝን አልጠበቅኩም። ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ሲሰሙት ከሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለ ጣሪያው ታንከር ማፍሰስ ተነጋግረን ልንበተን ስንል ዳኛው እጁን አወጣ።

«የቀማሚዋን ተራ ምሰሶ የምትሠራው በማን ፈቃድ ነው?» አለ።

ሚጣ ሳቀች። «ተሳስተሃል። ተራዬን ሠርቻለሁ።»

«ሠርተሻል። ከዚያ እሷ ደግማ ትሠራዋለች። ድስቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ስታጥብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዴ ብቻም አይደለም።»

ሚጣ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። በደንብ እንደማልታያት አውቃለሁ፤ ግን በሕይወቴ እንዲያ ታይቼ አላውቅም።

«እውነቱን ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሲዱ ወዲህ።»

ተነሳች። ወንበሩን ይዛ ቆማ፣ ለእኔ ብቻ ነግራኝ የነበረውን ለሁሉም ነገረቻቸው። ስለ ደረጃው፣ ስለ ብርጭቆዎቹ፣ ሐኪሟ ስላለችው። ዳኛው አንገቱን ደፋ፤ እንዲህ ይሆናል ብሎ አይደለም ያነሳው።

ሊቀመንበራችን አዋላጅነት የምትማር ደግ ልጅ ናት። ዓይኗን እየጠረገች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቀማሚዋ ከዛሬ ጀምሮ ከተራ ነፃ ትሁን፤ የሷን እንካፈለዋለን» አለች። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።

«ስንት ሰው ደገፈ?» አለች ሚጣ።

«ሁላችንም» አሏት።

«እንግዲያው ስሙኝ። እኔ ከተሸካሚዎቹ አንዷ ነኝ እንጂ ሎሚው አይደለሁም። እዚህ ቤት የገባሁት ተራ ይዤ ነው። ተራዬን አትውሰዱብኝ። እሱን ከወሰዳችሁ አባልነቴንም አብራችሁ ውሰዱት።»

የወጡት እጆች ወረዱ። በመጨረሻ እስከ መጋቢት ጊዜ ጠየቀች። እስከዚያ ሥራውን እንደ አዲስ ትለማመዳለች፤ ያኔም ካቃታት ማንም ሳያስወጣት ራሷ ትወጣለች። በዚህ ተስማማን።

በነጋታው ፍራሿን ጠቅልላ ምድር ቤት ሊቀመንበሯ ክፍል ገባች። እኔን አታናግረኝም። ዕቃዋን ስታወጣ ልርዳሽ እንኳ ማለት ፈራሁ። ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳት፤ ለእርስዎ እንደጻፍኩ፣ ሊወስዷት እንደሚመጡ፣ ስለ አጎቷም። ስለ አጎቷ ስነግራት ፍራሹን መሬት አስቀመጠች።

ትናንት በራችን ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም። «ለእማዬ ስትጽፊ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለች። «አጎቴ አንድ ቀን እንኳ፣ ውሃ ልቅዳ ብሎ ያውቃል?»

ይኸው ጠይቄያለሁ።

ምሰሶ


ጥር 20

ምሰሶዬ፣

አዎ በያት። አንድ ቀን ብሎ ያውቃል።

ወንበሩ በተሠራለት ሰሞን ነው። ሰው ሳያየው ተነስቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጥ ቤት ገባ። ጆጉን ሲያነሳ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። አባቴ እየሮጠ መጣ። አልተቆጣውም፤ ምነው ተቆጥቶት ቢሆን። እጁን ይዞ ወደ ወንበሩ መለሰውና «ውሃ ጠማህ? እኛ እያለን? ምን ጎደለህ ልጄ?» አለው።

«ራሴ ልቅዳ ብዬ ነው» አለ ወንድሜ።

«ምን ጎደለህ?» አለው አባቴ ደግሞ።

«ምንም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር ልሥራ ብሎ አያውቅም። እኔ ልጅ ነበርሁ፣ ስብርባሪውን የለቀምሁት እኔ ነኝ፤ ጆጉ አሳዘነኝ እንጂ እሱ አላሳዘነኝም። ከስንት ዓመት በኋላ ሲያርፍ ጫማውን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ሶሉ አልተበላም ነበር። ያን ጊዜ «እንዴት ጥሩ ጫማ ነው» ብዬ ለሰው ሰጠሁት። የሚጣ ጥያቄ ሲደርሰኝ ነው ያ ሶል ዓይኔ ላይ የመጣው። ከዚያ ወዲህ መርፌ ይዤ እቀመጣለሁ፣ አልሰፋም።

ሻንጣዬን ፈትቻለሁ። የስፌት መኪናዬንም ወደ ቦታው መልሻለሁ። ልወስዳት አልመጣም። ግን ልጠይቃት ልምጣ? እሷን ጠይቂልኝ፤ አይሆንም ካለች እቀራለሁ።

ከፈቀደች አንድ ሥራ አለኝ። የልብሶቿን አንገትጌ ከውስጥ በኩል በክር ቋጠሮ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ጥቁሩን አንድ፣ ሰማያዊውን ሁለት እያልሁ። በጣቷ ትለየዋለች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ትለብሳለች። ይህን ባደርግ ትቀየመኝ ይሆን? እሱንም ጠይቂልኝ። ካሁን በኋላ ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም።

አንቺን ደግሞ አልወቅስሽም። የሠራሽው ሁሉ ከፍቅር ነው። የአባቴም ከፍቅር ነበር።

እናትሽ


መጋቢት 25

እማማ፣

በሰላም መግባትዎን ሰማን። ሚጣ «ትምጣ» ማለቷ ደስ ይለኛል፤ የአንገትጌዎቹን ቋጠሮም በጣቷ እየለየች ትለብሳለች። አልጋዬን ብለቅልዎትም እንግዳ አልሆኑብኝም ነበር፤ ከሄዱ ወዲህ ክፍሉ ጭር ብሎብኛል። ዳኛው የሱሪውን ዚፕ ስለሠሩለት እስከ ዛሬ ያወራል።

«ስትሸኘኝ አላለቀሰችም፣ ከሄድሁ በኋላስ?» ላሉኝ፣ አልቅሳለች። ግን ስለ እርስዎ መሄድ አይደለም። እርስዎ ፊት ያልነገረችዎትን እኔ እንድነግርዎ ፈቅዳለች፤ ይኸው በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ኬሚስትሪን ለቅቃለች። የትምህርት ክፍሉ ላቦራቶሪ ልናስገባት አንችልም አለ። መምህሯ ብዙ ታገለላት፣ አልሆነም። ነጭ ካፖርቷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። ያን ቀን ሙሉ ምድር ቤት በሩን ዘግታ ነበረች፤ ማንም አላንኳኳም፣ አታንኳኩ ስላለች። አሁን ቋንቋ ክፍል ገብታለች። ወደደችው ወይ ካሉኝ፣ ገና ነው። «ቃል አይፈስም፣ አያቃጥልም፤ ምኑ ይማርካል?» ትላለች።

ቀኝ ዓይኗ ወደ መዘጋቱ ነው። ይህንንም ንገሪያት ብላኛለች። ግራው እንደነበረ ነው።

ወደ ክፍላችን ትመለስ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። አትመለስም። በቀጥታ ጠየቅኳት፣ በቀጥታ መለሰችልኝ። «ከአንቺ ጋር ከሆንኩ ሥራውን እረሳዋለሁ፤ አንቺ ታደርጊዋለሽና» አለችኝ። ከፋኝ፤ ግን ውሸት አይደለም። አሁን እንነጋገራለን። እንደ በፊቱ ግን አይደለም፤ እንደ በፊቱ ይሁን ማለትም ትቻለሁ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ያዩት ከሄዱ በኋላ ጠንክሯል። የሽንኩርቱን መቁላላት በሽታው፣ የውሃውን መፍላት በድምፁ ትለያለች። ጣቷን ሁለቴ ቆርጣለች። አንዴ ክዳን በባዶ እጇ አንስታ ተቃጥላ፣ እኔ ዘልዬ ስነሳ «ምሰሶ፣ ተቀመጪ» አለች፤ እንዴት እንዳወቀችኝ እንጃ። ተቀመጥኩ። ሕንፃ መሸከም ይቀላል እማማ፣ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ። ቤቱም ለምዷል፤ ወንበር ያልመለሰ፣ ቢላ ቦታው ላይ ያላስቀመጠ ሰው ከዳኛው ጋር ሳይሆን ከሊቀመንበሯ ጋር ነው ጠቡ።

ትናንት ከልምምዱ ወዲህ የመጀመሪያ ተራዋ ነበር፤ ለፎቁ ሁሉ ብቻዋን የምታበስልበት። የጠየቀችው ጊዜም የሚያልቀው ትናንት ነበር። ምስር ሾርባና ሩዝ ሠራች። ጠረጴዛው ዙሪያ ቁጭ ብለን በየሳህኑ ስትጨልፍ እጃችንን ሰብስበን ጠበቅን። ሁለት ቦታ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ዳበሰችና በጨርቅ ጠረገችው። ከዚያ እሷም ተቀመጠች፣ መብላት ጀመርን።

አንዱ «ይጣፍጣል» አለ። ሌላዋም «እንዴት ይጣፍጣል!» አለች። ሊቀመንበሯ «እጅሽ ይባረክ» አለች። ሁሉም ተራ በተራ ያመሰግናታል። ሚጣ ግን ማንኪያዋን ይዛ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ያኔ ገባኝ፤ ሎሚ አድርገናት ነበር እንደገና።

ዳኛው ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረገ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

ሊቀመንበሯ በክርኗ ጎሸመችው። «ምን ትጎሽሚኛለሽ?» አላት ጮክ ብሎ። «በዝቶበታል! እኔ ያበሰልኩ ዕለት ሩዙ አሯል ብላችሁ አልነበር እንዴ? ለሳምንት ነው የሰደባችሁኝ!»

ሚጣ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ምሰሶ» አለችኝ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እማማ፣ አፌ ላይ የመጣው «ምንም አይልም» የሚለው ነበር። ለእሷ ስል ስንት ጊዜ ያልኩት ቃል ነው። ዋጥኩትና «በጣም በዝቷል። ውሃ ካልጠጡበት አይወርድም» አልኳት።

ሳቀች። ከአሲዱ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ወንበሩ እስኪንገጫገጭ። ሌሎቹም ተከተሏት፤ አንዱ እንባዬ የመጣው ከጨው ነው ይላል፣ አንዷ ውሃ አምጡልኝ ትላለች። ሚጣ ሳቋን ስትጨርስ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ይዛ ዞረች፣ ጆጉን አነሳች፣ የእኔን ብርጭቆ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው።

«እንኪ» አለች ቀድታ። «እውነት ለተናገረ ሰው።»

ምሰሶ